ስለ ባቡር መጫወቻና ስለ ሰው ልዩ ልዩ ምርጫ

የሰው መልኩ ልዩ ልዩ እንደ ሆነ፥ ልቡን ደስ የሚያሰኘውም ነገር ልዩ ልዩ ነው። ይህንም ለማስተዋል ሁለት ልጆችን በአሳባችን እንመልከት።

በመተማ ቆላ ክረምት በገባ ጊዜ፥ ሁለቱ ልጆች ከጓንግ ወንዝ ዳር ጥቁር ጭቃ አምጥተው በሬ ይሠሩ ጀመር። አንደኛው ልጅ ሻኛውን፥ ቀንዱንና ሰኮናውን እያስተካከለ፥ እውነተኛ በሬ እስኪመስል ድረስ ሠራው። ሁለተኛው ልጅ ግን ለበሬው ሦስት ቀንድ አበጀለት፤ በጀርባውም ላይ ከማሽላ አገዳ ልጣጭ ክንፍ ተከለለት። የፊተኛው ልጅ ይህን አይቶ፥ «ክንፍ ያለው በሬ የት አይተሃል? ይህ ሥራ አይደለም፥ ቀልድ ነው» አለው። ሁለተኛውም፥ «ያንተ በሬ እንደ ሌላው በሬ ሁሉ ነው፤ ማን ዘወር ብሎ ያየዋል?» ብሎ መለሰለት። በቃል ተጣሉ፤ ኋላም እጅ ለእጅ ተያያዙና የአንዱ በሬ ቀንድ፥ የሌላውም በሬ ክንፍ ተሰበረ። መምህራቸውም ልቅሶአቸውን ሰምተው መጡ።

መምህሩ ያደረጉትን በመጨረሻ እንሰማለን። አስቀድመን ግን ይህ ክርክር የልጆች ብቻ እንዳይደለ እንወቅ። በሩቅ አገር ሽማግሌዎች እንኳ ስለ ባቡር መጫወቻ እንዲሁ ይከራከራሉና።

በመተማ የባቡር ሐዲድ የለም። ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ግን፥ ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ብንጽፍ፥ ሐዲዱ በ1920ዎቹ ዓመታት ገዳሪፍ ደርሷል። በአገራችንም ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሥራው በ1897 ተጀምሮ፥ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ዘመን ባቡርን የሚጎትተው የእንፋሎት ኃይል ነበር፤ እሳት ውኃውን ያፈላዋል፥ የታፈነውም እንፋሎት የብረቱን ዘንግ ይገፋዋል፥ ዘንጉም መንኰራኵሩን ያዞረዋል፤ ከኋላ የተቀጠሉት ፉርጎዎች ይከተላሉ። በ2016 የተመረቀው ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የሚሄደው አዲስ ባቡር ግን የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው።

በአውሮጳና በአሜሪካ ልጆች ታላቁን ባቡር ባዩ ጊዜ ታናሹን ተመኙ። ስለዚህ የመጫወቻ ሠሪዎች እንደ ሰዓት በቁልፍ የሚሞላ፥ በኋላም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ይሠሩ ጀመር። በ1891 ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ፥ ስፋታቸው በልክ በልክ የተለየ ሐዲዶችን ከነባቡሮቻቸው በላይፕዚግ ገበያ አሳየ። በአሜሪካ ላዮኔል የተባለው ፋብሪካ በ1900 ተቋቋመ፤ በእንግሊዝ አገርም ሆርንቢ በ1920 የባቡር መጫወቻ ማውጣት ጀመረ። እነዚህን መጫወቻዎች የሚወዱ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ብዙ ጐልማሶችና ሽማግሌዎችም ከሥራቸው በተረፈው ጊዜ ይሠሯቸዋል፥ ይሰበስቧቸዋልም። በምርጫቸውም ሁለት ወገን ናቸው።

የፊተኛው ወገን እውነተኛውን ባቡር በትክክል የሚመስለውን ይወዳል። ብዙዎች ከሚሠሩባቸው ልኮች አንዱ፥ ታናሹ ባቡር ከታላቁ 87 ጊዜ የሚያንስበት ነው። በዚህ ልክ ቁመቱ 174 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ 20 ሜትር የሚረዝም ፉርጎም 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በብዙ አገሮች በታላቁ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፥ በታናሹ 16.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እናንተም በሒሳብ ትምህርታችሁ አካፍላችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ።

የእንግሊዝ ሠሪዎች ግን፥ የአገራቸው ባቡር ከሌላው አገር ባቡር ስለሚያንስ፥ ሞተሩን በታናሹ ባቡር ውስጥ ማግባት ቸገራቸው። ስለዚህ ባቡሩን ትልቅ አድርገው ከታላቁ 76 ጊዜ ብቻ እንዲያንስ አደረጉት፤ ሐዲዱን ግን በ16.5 ሚሊ ሜትር ተዉት። በትክክል ቢሠራ ኖሮ ስፋቱ 19 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሆን ይገባው ነበር። የጎደለው የአንዲት የሰሊጥ ፍሬ ያህል ነው። ነገር ግን ትክክልን ለሚወዱ ሰዎች ይህች ጉድለት እንቅልፍ ነሣቻቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ስፋቱን 18.83 ሚሊ ሜትር አድርገው ሐዲዱን በእጃቸው እንደ ገና ሠሩ፤ መንኰራኵሮቹንም ለወጡ።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ የሚያስቀውንና የሚያስደንቀውን ይወዳል። በ1934 በአሜሪካ ሥራ በጠፋበት፥ ገንዘብም ባነሰበት ዘመን፥ ላዮኔል ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት በሾማቸው ጠባቂዎች እጅ ነበር። በዚያው ዓመት ሚኪ ማውስና ሚኒ ማውስ የተባሉት የሥዕል አይጦች ፊት ለፊት ቆመው፥ ዘንጉን ከፍና ዝቅ እያደረጉ በሐዲድ ላይ የሚሄዱባትን ትንሽ ጋሪ በአንድ ዶላር ይሸጥ ጀመር። እንዲህ ያለ አይጥ በማናቸውም እውነተኛ ሐዲድ ላይ ታይቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ከ200,000 የሚበልጡ ጋሪዎች ተሸጡ፤ ፋብሪካውም ከጭንቁ እንዲወጣ ረዱት። በ1947 ደግሞ የወተት ፉርጎ አወጣ፤ ቁልፉን ሲጫኑት በሩ ይከፈታል፥ ነጭ የለበሰ ትንሽ ሰውም የወተቱን ዕቃ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህም ፉርጎ እጅግ ተወደደ።

እንግዲህ የፊተኞቹ፥ «ይህ በባቡር ማላገጥ ነው» ይላሉ። ሁለተኞቹም፥ «እናንተ የመለኪያ ባሪያዎች ሆናችሁ፥ መጫወትን ረሳችሁ» ይላሉ። በእውነቱ ግን ሁለቱም መልካም ነገር ይዘዋል። የሚለካ ሰው ትዕግሥትን ይማራል፤ ከሥራ የወጣውንም አሮጌ ባቡር መልኩን ጠብቆ፥ ላላዩት ልጆች ያቆይላቸዋል። የሚያስቅ ሰውም ሕፃኑንና ሽማግሌውን በአንድ ስፍራ አስቀምጦ ያስደስታቸዋል።

ጥፋቱ ያለው በሌላ ነገር ነው። አንደኛው ጥፋት ውሸት ነው። በትክክል ያልተለካውን «ተለክቷል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ይዋሻል፤ አይጥ በጋሪ ላይ አስቀምጦ «ይህ ጨዋታ ነው» የሚል ግን አልዋሸም። ሁለተኛው ጥፋት ሳይጠይቁ የሌላውን ልብ ዐውቃለሁ ማለት ነው። ላዮኔል በ1957፥ ሴቶች ልጆች ይወዱታል ብሎ በማሰብ፥ የጽጌረዳ ቀለም የተቀባ ባቡር አወጣ፤ ነገር ግን ብዙ ገዢ አላገኘም። ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምክንያት፥ ባቡር የሚወዱ ሴቶች ልጆች የፈለጉት እውነተኛውን የሚመስለውን ነው የሚል ነው። ያን ጊዜ ማንም ያልፈለገውን ያን ባቡር ዛሬ ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ ይገዙታል። ሦስተኛውና የሚከፋው ጥፋት ግን ንቀት ነው፤ እኔ የማልወደውን የሚወድ ሁሉ ሞኝ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ልጆች እንመለስ። መምህሩ የማን በሬ እንደሚበልጥ አልፈረዱም። የፊተኛውን ልጅ ጠርተው፥ «ልጄ፥ በሬህን ለምን እንዲህ አስተካክለህ ሠራኸው?» ብለው ጠየቁት።

ልጁም፥ «የኔታ፥ አባቴ ለሰሊጥ አራሚዎች የሚከፍለው ስላጣ በሬያችንን ሸጠው። መልኩን እንዳልረሳው ብዬ ነው» አለ።

ሁለተኛውንም፥ «አንተስ ለምን ክንፍ አበጀህለት?» አሉት።

እርሱም፥ «ታናሽ ወንድሜ ወባ ይዞት ተኝቷል። መድኃኒቱን ይወስዳል፥ ነገር ግን ሦስት ቀን ሙሉ አልሳቀም። ይህን ሲያይ ይስቅ ይሆናል ብዬ ነው» አለ።

ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚህ በኋላ የፊተኛው ልጅ አዲስ አገዳ ልጦ ክንፉን ይጠግን ጀመር፤ ሁለተኛውም ጭቃ አርሶ የተሰበረውን ቀንድ እንደ ቀድሞው አድርጎ ለማስተካከል ደከመ፤ የቀንዱንም አቅጣጫ ባልንጀራውን እየጠየቀ ሠራው።

ልጆች ሆይ፥ የባልንጀራችሁ ሥራ እንግዳ በሆነባችሁ ጊዜ፥ ከመንቀፋችሁ አስቀድማችሁ «ይህን ለምን ሠራኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሳይሰሙ መፍረድ አይገባምና።