ከባሩክ ሰፈር እስከ ዜሮክስ ሊቀ መንበርነት

ስደተኛ እናት ለልጆቿ ስትል የማትሠራው ሥራ የለም። ከፓናማ የመጡት የወይዘሮ ኡርሱላ በርንስ እናትም ሦስት ልጆቻቸውን በኒውዮርክ፣ ባሩክ በሚባለው የመንግሥት ቤቶች ሰፈር ያሳደጉት ለብቻቸው ነው። የሰው ልጅ እየጠበቁ፣ ልብስ እየተኮሱ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ክፍያ ይከፍሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1958 የተወለዱት ኡርሱላ ሒሳብ ይወዱ ነበርና በ1980 ከብሩክሊን ፖሊቴክኒክ በሜካኒካል ምህንድስና ተመረቁ። በዚያው ዓመት በተለማማጅነት ዜሮክስ ገቡ። ድርጅቱ ለአናሳ ወገን መሐንዲሶች ይሰጥ የነበረው ድጋፍ ረድቷቸው በ1981 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሳቸውን ጨረሱ።

የሕይወታቸው መንገድ የተለወጠው ግን በ1989 በአንድ ስብሰባ ላይ ነው። አንድ ሰው፣ ልዩ ልዩ ዘር ያላቸውን ሠራተኞች ለመቅጠር መጣር የሥራውን ደረጃ አያወርድም ወይ ብሎ ጠየቀ። ከኃላፊዎቹ አንዱ፣ ዌይላንድ ሂክስ፣ በለዘብታ መለሱ። ወጣቷ መሐንዲስ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እንዴት ክብር ይሰጣሉ ብለው በሰው ፊት ተቃወሟቸው። አለቃን መናገር እንጀራ ያሳጣል። ሂክስ ግን አስጠርተው አነጋገሯቸው፤ በ1990ም ልዩ ረዳታቸው አደረጓቸው። በሚቀጥለው ዓመት የድርጅቱ የበላይ አለቃ ፖል አሌር ወሰዷቸው።

በ2000 ዜሮክስ ለክስረት ተቃረበ። አን መልኬይ መሪነቱን ሲይዙ፣ የማምረቻውን ሥራ በከፊል ለውጭ ድርጅት የማስተላለፉ ኃላፊነት በበርንስ ላይ ወደቀ። ኩባንያው ዳነ፤ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ግን ሥራውን አጣ።

በሐምሌ 2009 በርንስ መልኬይን ተኩ። በፎርቹን 500 መዝገብ ውስጥ ካሉት ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የመሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ፤ በ2010ም ሊቀ መንበርነቱን ደረቡ። በዚያው ዓመት ዜሮክስ አፊሊዬትድ ኮምፒዩተር ሰርቪስስን በ6.4 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ጋብቻው አልሰመረም፤ በ2016 መጨረሻ ኩባንያው ለሁለት ተከፈለ፤ እርሳቸውም የሥራ አስፈጻሚነቱን ለቀቁ።

ከዚያ እስከ 2021 ድረስ በመዝገቡ ላይ ቋሚ ሹመት ያላት ሌላ ጥቁር ሴት መሪ አልታየችም። ችሎታ ያላቸው ሴቶች ጠፍተው አይደለም። እንደ በርንስ ሁሉ የትምህርት ድጋፍም፣ ደፋር አነጋገርን የሚሰማ አለቃም ያስፈልጋል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ሒሳቡን ጠበቅ ያድርጉ፤ የትምህርት ድጋፍ ሲገኝም ያለ እፍረት ያመልክቱ። ድጋፍ ማግኘት የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም። የቀድሞዋ የዜሮክስ ሊቀ መንበር ምስክር ናቸው።