መጽሐፉ ሲመለስ ደብተሩ ይቀራል

የ7ኛና የ8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ትምህርት የሚጠቃለለው በሰኔ ነው። ክለሳ፣ የማጠቃለያ ፈተና፣ ማርክ ሊስትና ሮስተር በጥቂት ሳምንታት ይደራረባሉ። በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ያው ወር ክረምት የሚገባበትና እርሻው የልጅን እጅ ሳይቀር የሚሻበት ነው። ለሰኔ የተተወ ክለሳ ከሩቅ መንደር በእግር በሚመጣው ልጅ ላይ ይፈርዳል፤ በግንቦት ቢጀመር ይሻላል።

የ8ኛ ክፍል መዝጊያ ከሌሎቹ ይከብዳል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። በሰኔ የኅብረተሰብ ትምህርትን በአማርኛ የጨረሰ ልጅ በመስከረም ታሪክንና ጂኦግራፊን በእንግሊዝኛ ይጀምራል። ወላጆች ዛሬም «ሚኒስትሪ» የሚሉት የ8ኛ ክፍል ፈተና ግን የምርጫ ጥያቄ ስለሚበዛበት፣ ልጁ ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር መለየቱን እንጂ ራሱ መጻፍ መቻሉን አያሳይም።

መጻፍ መቻሉ የሚታየው በደብተሩ ነው። የዓመቱ ደብተር ሲገለጥ ስሕተቶቹ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ ብዙዎቹም የስንፍና ሳይሆኑ የአማርኛ ልጆች ናቸው። የአማርኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የሰውና የአገር ስም በትንሽ ፊደል ይጀመራል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ የእንግሊዝኛው ግሥም ወደ ኋላ ይሸሻል። «ራበኝ» ሲባል ሰውየው ተሳቢ ነው፤ በእንግሊዝኛ ባለቤቱ ራሱ ሰውየው መሆኑ ተማሪውን ግር ይለዋል። «ፀሐይ ወጣች» ብሎ ያደገ ልጅ ፀሐይን በሴት ተውላጠ ስም ቢጠራ አያስገርምም። በንግግርም «ስኩል» «እስኩል» ይሆናል። እነዚህን ከአማርኛው ጎን አስቀምጦ ማሳየት ደንብ ከማስሸምደድ ይበልጣል።

በክለሳው የሰዓት አቆጣጠር የተለየ ጊዜ ይገባዋል። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ናት፤ በፓርኩ ውስጥ ወዳሉት ሳንቃበርና ጨነቅ የሚወጣው እንግዳ መነሻውም እዚያው ነው። «ጠዋት 12 ሰዓት እንነሣለን» የሚለውን ቁጥሩን ሳይለውጥ የተረጎመ ወጣት እንግዳውን ለቀትር ቀጠረው ማለት ነው። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው፦ ፓርኩ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1970፣ በአውሮፓ 1978 ነው። ለክለሳ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ሩቅ ከተማ ይልቅ ልጁ በአካባቢው የሚያየው ጭላዳ ዝንጀሮ ያናግረዋል።

በሰኔ መጨረሻ የትምህርት ቤቱ ንብረት የሆነው መጽሐፍ ይመለሳል። በሐምሌና በነሐሴ ብዙ ቤት ውስጥ የሚገኘው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የልጁ ደብተር ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ክፍለ ጊዜያት ደብተሩን መሙያ ቢሆኑ ይበጃል፦ ተማሪው ስለ ገብስ ማሳቸው ወይም ስለ ትምህርት ቤት መንገዱ የጻፈው አንድ ገጽ፣ በመስከረም የሚያገኛቸው የሳይንስና የጂኦግራፊ ቃላት ከነትርጉማቸው፣ አንድ የቃል ጽሕፈት። እርማቱ በሁለት ወይም በሦስት ዓይነት ስሕተት ላይ ቢወሰን ይመረጣል፤ በቀይ የተጥለቀለቀን ገጽ ልጅ መልሶ አያነበውም። መዝጊያው ሁልጊዜ በሰኔ አለመምጣቱም ይታሰብ፤ በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች የተዘጉት በዓመቱ መካከል ነበር። ደብተሩን በየወሩ የሞላ ክፍል በድንገት ቢበተንም የሚይዘው አለው።

የውጤት ካርዱ ላይ ለእንግሊዝኛ የሚሰፍረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ስልሳ ያገኙ ሁለት ልጆች አንዱ አንብቦ የሚረዳ ግን የማይጽፍ፣ ሌላው የሚናገር ግን የማያነብ ሊሆኑ ይችላሉ። ከ7ኛ ወደ 8ኛ ለተዛወሩት ይህን ልዩነት በአንድ በአንድ መስመር የሚያስረዳ ማስታወሻ ከሮስተሩ ጋር ቢያያዝ፣ በመስከረም ክፍሉን የሚረከበው መምህር ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።