የቤቱ ዋስ ማን ነው?

በቅርቡ አንድ የክፍላችን ሃምሳ አለቃ ከባለቤቱ ጋር ወደ ቢሮዬ መጥቶ ለክርክራቸው ዳኛ እንድሆን ጠየቀኝ። በቢሾፍቱ ዳርቻ ባላቸው ቦታ ላይ ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት ለመሥራት ለዓመታት ቆጥበዋል። እርሱ ሲሚንቶውንና ፌሮውን ራሱ ገዝቶ፣ የአገሩን ልጅ ግንበኛ በቀን ሒሳብ ቀጥሮ ሊያሠራ ቆርጧል። ባለቤቱ ግን፣ «መቶ አለቃ፣ ቤቱ ነገ ቢሰነጠቅ ማንን ልንጠይቅ ነው?» አለች።

«ግንበኛው በአባቱ አጥንት ምሎልኛል» ሲል ባሏ መለሰ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 እንደሚደነግገው፣ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው መልካም አፈጻጸምና ጥንካሬ ከመጨረሻው ርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። ጉዳቱ የመጣው ከመሬቱ ጠባይ ቢሆን እንኳ ተጠያቂነቱ አይቀርለትም። ይህን ዘመን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም። ዋስትናው እንግዲህ ከውሉ ጋር አብሮ ይወለዳል። በቀን ሒሳብ የሚቀጠር ግንበኛ ግን ተቋራጭ አይደለም። ዕቃውን የገዛውም ሥራውን ያዘዘውም ሃምሳ አለቃው በመሆኑ፣ ራሱ ለራሱ ዋስ ሊሆን ነው ማለት ነው።

የአካባቢው መረሬ አፈር ደግሞ መሐላ አያውቅም። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በዚህ አፈር ላይ ካረፈ ግድግዳው በየወቅቱ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ስንጥቁም ብዙውን ጊዜ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ይጀምራል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ መሠረቱን ከጠንካራ መሬት ላይ ማሳረፍ፣ የወለሉን ሥር በገረጋንቲ እየጠቀጠቁ መሙላት፣ የጣሪያውን ውኃ ከግድግዳው ማራቅ። ይህ ሁሉ ከመሬት በታች ተሸፍኖ የሚቀር ስለሆነ፣ ገንዘብ ያጠረው ሰው አስቀድሞ የሚቆጥበው ከዚሁ ላይ ነው።

ስለዚህ መሠረቱንና የኮንክሪቱን ሥራ ፈቃድ ላለው ተቋራጭ በጽሑፍ ውል እንዲሰጡ፣ የርክክቡም ቀን ተጽፎ እንዲፈረም መከርኳቸው። ብሎኬቱን፣ ልስኑንና ቆርቆሮውን የአገሩ ልጅ ይሥራው። እርግጥ ነው፣ ዋስትና ከዋሱ አይበልጥም፤ አድራሻው የጠፋ ተቋራጭ ከመሐለኛው ግንበኛ የሚሻልበት ነገር የለም። ቦታቸው ጠንካራ መሬት፣ ቤቱም ፎቅ የሌለው ቢሆን ኖሮ ለተቋራጩ የሚከፍሉትን ትርፍ ለፌሮው አውሉት ባልኳቸው ነበር።

ሃምሳ አለቃው አኩርፎ ወጣ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሁለቱንም ከቦታቸው ላይ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ አገኘኋቸው። ቁፋሮው ሁለት ሜትር ወርዷል፤ የሚወጣው አፈር ገና ጥቁር ነበር።