አንድ ክኒን፣ ሁለት መድኃኒት፦ መጠኑ እንዴት ይታወቃል?

ብዙዎች «ኮአርተም» የሚሉትን ቢጫ የወባ ክኒን ሳያውቁት አይቀሩም። ኢትዮጵያ በ2004 እ.ኤ.አ. ላልተወሳሰበ የፋልሲፓረም ወባ በመጀመሪያ ደረጃ እንዲታዘዝ የመረጠችው መድኃኒት ነው። በአንዱ ክኒን ውስጥ ግን ሁለት መድኃኒቶች አሉ፤ 20 ሚሊግራም አርቴሜተር እና 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን። አርቴሜተር የወባውን ተሕዋስያን በፍጥነት ይገድላል፤ ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል። ሉሜፋንትሪን ለቀናት ቆይቶ የተረፉትን ይጨርሳል። ሉሜፋንትሪኑ ከጎደለ ትኩሳቱ ይበርድና ሕመሙ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። አርቴሜተሩ ከጎደለ ደግሞ በሽታው ቶሎ አይገታም። ይህን ጉድለት በዓይን መለየት አይቻልም።

ታዲያ በምን ይለካል? ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. በተባለ መሣሪያ ነው። ክኒኑ ተፈጭቶ በፈሳሽ ይሟሟል፤ ከዚያም በደቃቅ ዱቄት በታጨቀ ቀጭን ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት እንዲያልፍ ይደረጋል። ዱቄቱ ሁለቱን መድኃኒቶች እኩል ስለማይዛቸው በተለያየ ደቂቃ ይወጣሉ፤ መጠናቸውም በአልትራቫዮሌት ጨረር ይመዘገባል። ችግሩ አርቴሜተር ጨረሩን የሚይዘው እጅግ በጥቂቱ መሆኑ ነው። መጠኑም የሉሜፋንትሪን አንድ ስድስተኛ ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ሊሸፈን ይችላል።

ስለዚህ የመለኪያው ዘዴ ራሱ አስቀድሞ ይፈተናል፦

1. መድኃኒት የሌለበት የክኒኑ ማሟያ ዱቄት ብቻውን ይለካል፤ አርቴሜተር በሚወጣበት ደቂቃ ምንም መታየት የለበትም።
2. ቢያንስ 5 የተለያዩ መጠኖች ይለካሉ፤ መድኃኒቱ እጥፍ ሲሆን ንባቡም እጥፍ ሊሆን ይገባል።
3. ልኩ የታወቀ መድኃኒት ተጨምሮ ያው ልክ መነበቡ ይታያል፤ በ3 መጠኖች ሦስት ሦስት ጊዜ፣ በድምሩ 9 ጊዜ።
4. ያው ናሙና በሌላ ቀን፣ በሌላ ባለሙያ ሲለካ ውጤቱ መቀራረብ አለበት።

ያልተፈተነ ዘዴ ደህናውን ክኒን ሊጥል፣ ጎዶሎውን ሊያሳልፍ ይችላል። የሚጎዳው ደግሞ ክኒኑን አምኖ የዋጠው ሕመምተኛ ነው።

የእርስዎስ ድርሻ? መድኃኒቱን ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ወይም ከጤና ተቋም ብቻ ይውሰዱ፤ ማሸጊያው አለመከፈቱንና ቀኑ አለማለፉን ይመልከቱ። ሉሜፋንትሪን ያለ ቅባት በደንብ ወደ ደም ስለማይገባ ክኒኑን ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰዱት። ትኩሳቱ ቢበርድም በ3 ቀን ውስጥ የታዘዘውን 6 ጊዜ ሳያቋርጡ ይጨርሱ። ትኩሳቱ ካልበረደ ወይም ከተመለሰ ማሸጊያውን ይዘው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።