ሕግ እየተገለባበጠ ግብር ከፋይ አይገኝም

እዚህ ኮለምበስ ኦሃዮ ሆነን ወደ አገር ቤት ስንደውል ከነጋዴ ዘመዶቻችን የምንሰማው ነገር እየተለወጠ መጥቷል። ድሮ "ግብሩ በዛብን" ይሉን ነበር። አሁን ደግሞ "ይሄኛው አዋጅ እስከ መቼ ይቆይ ይሆን?" ይሉናል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የገንዘብ እሮሮ ነው፤ ሁለተኛው ግን መንግሥት በቃሉ አይገኝም የሚል ፍርድ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው፦ የግብርና የኢኮኖሚ ፖሊሲ በተገለባበጠ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ሕጉን አምኖ ቀድሞ የታዘዘው ዜጋ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከወጣ በኋላ ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ የነጋዴውን የቀን ገቢ ገመቱ። በዚያ አዋጅ ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር የማይበልጥ ነጋዴ በደረጃ "ሐ" ይመደብ ነበር፤ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላልነበረበት ግብሩ የሚሰላው በግምት ነበር። ግምቱ ከፍ ሲል ምን እንደሚመጣ በምሳሌ እንየው። አንዲት ባለ ሱቅ በቀን 2,000 ብር ታስገባለች ተብላ ብትገመትና በዓመት 300 ቀን ብትሠራ፣ 600,000 ብር ይሆናል። ሴትዮዋ በአንድ ጀንበር ከደረጃ "ሐ" ወጥታ ደረጃ "ለ" ገባች ማለት ነው። መዝገብ ያዢ፣ ደረሰኝ አቅርቢ ትባላለች። ሽያጯ ግን ትናንት ከነበረው አንዲት ብር አልጨመረም።

ሐምሌ 2009 ላይ ግምቱ ይፋ ሲሆን በአምቦና በወሊሶ፣ በአዲስ አበባም በአንዳንድ ሰፈሮች ሱቆች ተዘጉ። መንግሥትም ቅሬታ ያቀረቡ ነጋዴዎችን ግምት እንደገና ለማየት ተገደደ። መታረሙ ባልከፋ። ነገር ግን ስለ ሕግ አክባሪነቱ በመጀመሪያው ቀን ተሰልፎ የከፈለው ነጋዴ ምን ተማረ? ዝም ብሎ የከፈለ ይከፍላል፣ በሩን ዘግቶ የጠበቀ ይቀነስለታል። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይላል የአገራችን ሰው። እዚህ ላይ ግን ያፈሰሰው መንግሥት ነው፤ የለቀመው ነጋዴው ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. አገኘ። ኮሮና ሲገባ መንግሥት ለዓመታት የተከማቸ ውዝፍ የግብር ዕዳ እንዲሰረዝ፣ ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ባለው ዕዳ ላይም ወለድና መቀጮ እንዲነሳ ወሰነ። በወረርሽኝ ጊዜ ንግድን ከሞት ማዳን ተገቢ ነበር። ሆኖም ከሸንኮራ ነጋዴ እስከ ሕንፃ ተቋራጭ ያለው ሁሉ ያስተዋለው ነገር አለ፦ በጊዜው የከፈለ ምንም አልተመለሰለትም፣ ሳይከፍል የቆየ ዕዳው ተፋቀለት። ከዚያ በኋላ "ግብራችሁን በወቅቱ ክፈሉ" የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ ማን ይሰማዋል?

ይህ የአንድ መንግሥት አመል ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የያኔው መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በዳቦ፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ግማሽ ዓመት ሳይሞላም ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሳ። በዚያው ዓመት ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ከሚያበድሩት ላይ 27 በመቶ የሚሆን ገንዘብ በቦንድ እንዲያውሉ አዘዘ። ትእዛዙ በ2012 ዓ.ም. ተሻረ፣ ተጨበጨበም። በ2015 ዓ.ም. ግን ስሙን ለውጦ፣ 20 በመቶ የግምጃ ቤት ቦንድ ሆኖ ተመለሰ። መንግሥት ቢለወጥም መገለባበጡ አልተለወጠም።

አሁን እኛን ውጭ አገር ያለነውን በቀጥታ ወደሚነካው እንምጣ። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ባለሥልጣናቱ "በሕጋዊ መንገድ ላኩ፣ በባንክ ላኩ" ይሉን ነበር። ያን ጊዜ 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲሆን በጥቁር ገበያው እጥፍ ያህል ያወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚያው ቀን ንግድ ባንክ ዶላርን ከ74 ብር በላይ ገዛ፤ በሳምንታት ውስጥም 100 ብርን አለፈ። እንግዲህ አስሉት። ለእናቱ 1,000 ዶላር ከለውጡ በፊት በባንክ የላከ ልጅ 57,000 ብር ገደማ ደረሰላት። ጥቂት ሳምንት የጠበቀው ከ100,000 ብር በላይ ላከ። አገሬን ልርዳ ብሎ ሕጉን ያከበረው ተቀጣ፣ ያመነታው ተሸለመ። ታዲያ ዛሬ በኮለምበስ አንድ ታክሲ ነጂ ወይም የመጋዘን ሠራተኛ "ልላክ ወይስ ልጠብቅ?" ብሎ ቢያመነታ ይፈረድበታል? እባብ ያየ በልጥ በረየ።

በዚያው ሰሞን በ2015 ዓ.ም. ታግደው የነበሩ 38 ዓይነት ዕቃዎች እንደገና እንዲገቡ ተፈቀደ። ዕገዳውን አምኖ "እንግዲያው እዚሁ ላምርት" ብሎ ብድር የገባ ሰው ካለ፣ ማሽኑን ሳይጨርስ ገበያው ተከፈተበት ማለት ነው። የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን በተባለበት ወር ደግሞ ዋጋ ጨመራችሁ የተባሉ ሱቆች ይታሸጉ ነበር። ነጋዴው የትኛውን ይመን?

ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሻለ። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ ተብሎ ተነገረ። ቁጥሩ እውነት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፦ 600 ብር በ2008 ዓ.ም. በባንክ ምንዛሪ 27 ዶላር ያህል ነበር። 2,000 ብር አዋጁ ሲሻሻል በነበረው ምንዛሪ 15 ዶላር አይሞላም። ከፍተኛው የ35 በመቶ ግብር የሚጀምርበት ደመወዝ ከ10,900 ወደ 14,000 ብር ሄደ፤ በዶላር ሲታይ ግን ከ500 ገደማ ወደ 100 ገደማ ወረደ። ደመወዝተኛ በዶላር አይከፈለውም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ዘይቱና መድኃኒቱ የሚገባው በዶላር ነው። መንግሥት በአንድ እጁ ብርን አውርዶ በሌላው እጁ የግብር እፎይታ ሰጠሁ ሲል፣ ሰው የሚናደደው ሒሳብ ስለማይችል ሳይሆን ሒሳቡን ስለሚችል ነው።

አንድ ነገር ላወዳድር። እኛ በምንኖርበት በኮለምበስ ከተማ ከደመወዛችን ላይ 2.5 በመቶ የከተማ ግብር ይቆረጣል። በኦሃዮ ሕግ አንድ ከተማ ከ1 በመቶ በላይ የገቢ ግብር ለመጣል ነዋሪውን በድምፅ መጠየቅ አለበት። ከተማው ከ2 ወደ 2.5 በመቶ ከፍ ያደረገው ሐምሌ 2001 ዓ.ም. በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ያው ነው። ግብር የሚወድ ሰው እዚህም የለም። ነገር ግን ሰው የሚቆረጥበትን ያውቃል፣ ለምን እንደተጨመረ ተነግሮታል፣ እምቢ የማለት ዕድልም ነበረው። አሜሪካም ከበሽታው ነፃ አይደለችም፤ በ2017 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ የታወጀው የገቢ ዕቃ ታሪፍ ለብዙ አገሮች በሳምንቱ ለ90 ቀን ሲገታ ነጋዴው ግራ ሲጋባ አይተናል። ሀብታም አገር ግን ግራ መጋባትን የሚሸከምበት ስብ አለው። የመርካቶ ቸርቻሪ የለውም።

ፖሊሲ አይለወጥ አላልኩም። ስሕተትን ማረም የመንግሥት ግዴታ ነው። የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትናንት ልክ የተባለው ዛሬ ለምን እንደተሻረ ምክንያቱ ለሕዝብ ይነገር። ሁለተኛ፣ ነጋዴው ዕቃውንና ውሉን የሚያስተካክልበት የመሸጋገሪያ ጊዜ ይሰጠው። ሦስተኛውና ዋናው፣ በቀድሞው ሕግ የታዘዘ ሰው ካልታዘዘው ብሶ እንዳይጎዳ፦ አብዝቶ የከፈለ ይካካስለት፣ በወቅቱ የከፈለ በምሕረቱ ጊዜ አይረሳ።

ይህ ካልሆነ በአገር ቤትም በውጭም ያለው ሰው አንድ ነገር ብቻ ይማራል፤ እሱም መጠበቅ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ይዞ ይጠብቃል፣ ግብር ከፋዩ ቀጣዩን ምሕረት ይጠብቃል፣ እኛም ዶላራችንን ይዘን እንጠብቃለን። ሁሉም በሚጠብቅበት አገር ደግሞ መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም አብረው ይጠብቃሉ።