የጅቡቲ ኬብሎች የማን ናቸው?

አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ጎግል ላይ ጥያቄ ሲጽፍ፣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚጓዘው ስኳርና ማዳበሪያ በሚመጣበት አቅጣጫ ነው። የፋይበሩ መስመር ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ከተማ ይገባል፤ ሃራሙስ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ካለው ጣቢያ ደግሞ ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር ይገናኛል። ስለ ወደቡ ኤርትራ ከተለየች ወዲህ ስንከራከር ኖረናል። ኬብሉን የምናስታውሰው ግን ሲቆረጥ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 2022 (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ኤኤኢ-1 የተባለው ኬብል ግብፅ ውስጥ፣ ያውም በየብስ ላይ ባለው ክፍሉ፣ ሲቆረጥ የኢትዮጵያ ኢንተርኔት ክፉኛ ተዳክሞ ነበር። የጎግል፣ የአማዞንና የማይክሮሶፍት አገልግሎቶችም በዚያው ሰዓት ተናግተዋል።

ጅቡቲ ከተማ እዚህ ስፍራ ላይ የደረሰችው በመልክዓ ምድሯ ነው። ከአውሮፓ በቀይ ባሕር ወደ እስያ የሚዘረጋ ኬብል በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በር ማለፉ ስለማይቀር ጅቡቲ ላይ ቅርንጫፍ ማውጣት ይቀለዋል። በ1999 ሲ-ሚ-ዊ 3 ሥራ ጀመረ፤ በ2010 የምሥራቅ አፍሪካው ኢሲ፣ በኋላም ኤኤኢ-1፣ ከዚያ ጅቡቲን ከሶማሊያና ከኬንያ የሚያገናኘው ዴር 1 ተከተሉ። በ2013 ጅቡቲ ዳታ ሴንተር ተቋቋመ። ጥልቅ ባሕር ላይ የኬብሉ ውፍረት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የመስታወት ክሮቹን የብረት ሽቦና ፕላስቲክ ይሸፍናቸዋል፤ ብርሃኑን በየመንገዱ ለሚያጎሉት መሣሪያዎችም ኤሌክትሪክ የሚላክላቸው ከየብሱ ጣቢያ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ኬብል ደጁ ላይ የወረደለት የከተማዋ የቦላኦስና የባልባላ ሰፈሮች ነዋሪ ርካሽ ኢንተርኔት ያገኛል ብሎ መገመት ተገቢ ይመስላል። አያገኝም። የከተማዋ ሕዝብ የቆየ ቅሬታም ይኸው ነው። ጅቡቲ ቴሌኮም የመንግሥት ንብረት ነው፤ ለረጅም ዓመታት ያለ ተፎካካሪ ኖሯል፤ የኬብሎቹን ማረፊያም ይዟል። ለመንግሥት የምትታለብ ላም ስለሆነ ገበያውን ለመክፈት የተባለው ሁሉ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። በ2021 መንግሥት አነስተኛ ድርሻውን ለአጋር ኩባንያ የመሸጥ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሞኖፖሊው ግን በዚያ አልተነካም። እኛም ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን የነበረበትን ዘመን ስለምናውቅ ነገሩ አዲስ አይሆንብንም፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው በ2022 ነው።

ክርክሩ እዚህ ላይ ቆሞ መቅረቱ ግን ትክክል አይመስለኝም። ደጁ ላይ ሌላ ባለቤት መጥቷል። የፌስቡክ እናት ኩባንያ ሜታ ከኦሬንጅ፣ ከቮዳፎን፣ ከኤምቲኤን፣ ከቻይና ሞባይልና ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2020 ይፋ ያደረገው ቱ አፍሪካ የተባለ ኬብል አለ። አፍሪካን ዞሮ ወደ አውሮፓና እስያ ሲዘረጋ ርዝመቱ 45,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከማረፊያዎቹ አንዷ ጅቡቲ ናት። ከ2012 በፊት እንደ ጎግልና ሜታ ያሉ ኩባንያዎች ከዓለም አቀፉ የኬብል አቅም የሚጠቀሙት ከአንድ አሥረኛ ያነሰውን ነበር፤ ዛሬ ከግማሽ በላዩ የእነሱ ነው። ድሮ ቴሌዎች ኬብል ዘርግተው ለሌላው ያከራዩ ነበር። አሁን ተከራዩ ራሱ ዘርጊ ሆነ።

ለምን ይዘረጋሉ? መልሱ ማስታወቂያ ነው። የጎግል እናት ኩባንያ አልፋቤት በ2024 ካገኘው 350 ቢሊዮን ዶላር ገቢ 264 ቢሊዮን ያህሉ ከማስታወቂያ የመጣ ነው፤ የሜታ ገቢ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም። ቪዲዮው ቶሎ ካልተከፈተ ማስታወቂያው አይታይም። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያየውን ቪዲዮ በየአገሩ ቴሌ ግቢ ባስቀመጡት ሰርቨር ያከማቻሉ፤ ለቀሪው የራሳቸውን ኬብል ይዘረጋሉ።

ጅቡቲ ከተማና አዲስ አበባ የሚለያዩት ማስታወቂያውን መግዛት ላይ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ ተቸንክሮ የቆመ፣ በነፃነት የሚመነዘር ገንዘብ ነው። ብዙ ሰው አሁንም በድሮ ስሙ ፕላስ ሜነሊክ በሚለው አደባባይ አካባቢ ሱቅ ያለው ነጋዴ የባንክ ካርድ ካለው የፌስቡክ ገጹን ራሱ ቡስት ማድረግ (ከፍሎ ማስተዋወቅ) ይችላል። የመርካቶው ነጋዴ ግን ውጭ አገር ካርድ ያለው ደላላ ይፈልጋል፤ ብሩን በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ያስረክባል፤ ኮሚሽንም ይከፍላል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላም ይህ የደላላ ሥራ አልጠፋም። ማስታወቂያው ደግሞ በጨረታ ነው የሚሸጠው፤ ያንኑ ደንበኛ የሚፈልግ የዱባይ ሱቅም ይጫረታል።

ቋንቋውም የራሱ ጣጣ አለው። የጎግል የጅቡቲ ገጽ የሚያቀርበው ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነበር፤ ሁለቱም የመንግሥት ቋንቋዎች ናቸው፤ በየቤቱ የሚነገረው ግን ሶማሊኛና አፋርኛ ነው። ሶማሊኛ በጎግል ትርጉም ውስጥ የገባው በ2013፣ አማርኛ በ2016፣ አፋርኛ ደግሞ በሰኔ 2024 ነው። በዚያ ዙር ከተጨመሩት 110 ቋንቋዎች ውስጥ ብዙ በጎ ፈቃደኞች የሠሩለት አፋርኛ እንደሆነ ጎግል ራሱ ተናግሯል። ደመወዝ ሳይከፈለው ለኩባንያው ቋንቋውን ያስተማረ ሕዝብ በማስታወቂያው ዋጋ ላይ ምንም ድምፅ የለውም። በሚያዝያ 2025 ጎግል የየአገሩን አድራሻ ወደ አንዱ ዋና ገጹ እንደሚያዞር አስታወቀ።

ሞኖፖሊ የቴሌው ብቻ አይደለም። ነሐሴ 5 ቀን 2024 ዋሽንግተን ላይ ዳኛ አሚት ሜህታ ጎግል በፍለጋ ገበያው ሕገወጥ ሞኖፖሊ ይዟል ብለው ፈረዱ። ኩባንያው ስልኮችና ብራውዘሮች ላይ ቀዳሚ ምርጫ ለመሆን በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ በችሎቱ ተገልጧል። ሃራሙስ ላይ የሚገናኙት እንግዲህ ሁለት ሞኖፖሊዎች ናቸው፤ ጅቡቲ ቴሌኮምና ጎግል። በከተማዋ የሚታማው አንዱ ብቻ ነው።

ቀይ ባሕርም አልተረጋጋም። በየካቲት 2024 በሁቲ ሚሳይል የተመታው ሩቢማር መርከብ መልህቁን እየጎተተ ሦስት ኬብሎችን እንደቆረጠ ይታመናል፤ ቱ አፍሪካም በቀይ ባሕር በኩል ያለው ክፍሉ በጸጥታው ምክንያት ዘግይቷል። በአብዛኛው በአንድ በር ለሚወጣ አገር ይህ ከወደብ ጉዳይ አያንስም። ኢትዮጵያ በኬንያና በሱዳን በኩልም መስመር አላት፤ የሱዳኑ ግን ጦርነት ውስጥ ነው።

የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ሚኒስትሮች ኮሚሽን ሲሰበሰብ ስለ ባቡርና ኮንቴነር ይነጋገራል። በሚቀጥለው ስብሰባ ለኬብሉም ግማሽ ቀን ይስጠው፤ የጅምላ ዋጋው ይፋ ይሁን፤ መስመር ሲቋረጥ ማን በየትኛው ኬብል እንደሚተካው በጽሑፍ ይስፈር።