የጣና ዳሯ ከተማና የቤተ ሰብ ዕረፍት

አገራችን ዛሬ የጨው ባሕር ዳርቻ ስለሌላት፥ ልጆቹን ይዞ በውሃ አጠገብ ጥቂት ቀን ሊያርፍ የሚወድ ሰው ወደ ሐይቆቻችን ይሄዳል። ለመርጡለ ማርያም፥ ለቢቸናና ለሞጣ ሰዎች ቅርቧ ባሕር ዳር ናት። አባቶቻችን ጣናን ባሕር ማለታቸው በከንቱ አይደለም፤ ስፋቱ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣልና። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፤ እጅግ በጠለቀበት ስፍራ 15 ሜትር ያህል ነው።

ከተማዪቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተነሣች ስትሆን፥ በዚያው ቅጥር ውስጥ ያለው የድንጋይና የኖራ ግንብ የፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው ይባላል። ይህ ሰው በ1610 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ሄዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው ኢየሱሳዊ ነው። በመርጡለ ማርያም የንግሥት እሌኒን ደብርና በኢየሱሳውያን ዘመን የተጠረበውን ድንጋይ እያየን ያደግን እኛ፥ ግንቡን ስናየው እንደ ዘመድ አወቅነው። የዛሬው ከተማ ግን ወጣት ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፥ የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱም በ1955 ዓ.ም. ተቋቋሙ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አሠሩ።

በማለዳ ከዘንባባው ጥላ ሥር ሆኖ፥ ከደንገል የተሠራው ታንኳ እንጨት ጭኖ ከዘጌ ሲመጣ ማየት እጅግ ደስ ያሰኛል። ለምሳም የተጠበሰ ቆሮሶ አለ። ገዳማቱን ለመሳለም በሞተር ጀልባ የሚሄዱ ሁሉ ዋጋውን ሳይሳፈሩ ይዋዋሉ፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንን ይህን ስንል አንባቢ አይታዘበን። ደግሞም ክብራን ገብርኤል ለሴቶች የማይፈቀድ መሆኑ አስቀድሞ ለእመቤቲቱ ይነገራት። ባል ደሴቱን ሲሳለም ሚስት በጀልባ ውስጥ ሰዓት ስትቆጥር የምትውልበት ነገር ዕረፍት አይባልም። በዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ናት። በደቅ ደሴት ያለችውን ናርጋ ሥላሴንም ያሠራች ሴት ናት፤ እርስዋም እቴጌ ምንትዋብ ናት።

እናቶች ሆይ፥ አሁን የምንለውን አጥብቃችሁ ስሙን። ልጆች ውሃ ሲያዩ ልብሳቸውን ጥለው ሊገቡ ይሻሉ፤ በጣና ዳር ግን ቢልሃርዝያ አለ። የበሽታው ትል ጥልቀት በሌለው ውሃ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ይወጣና፥ ሰው ሲታጠብ ወይም ሲዋኝ ሳይታወቀው በቆዳው ይገባል። ውሎ አድሮም አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል። ውሃው ጥሩ መስሎ መታየቱ ምንም ምስክር አይሆንም። ስለዚህ ልጆች ከዳር ሆነው ይመልከቱ፤ መዋኘት ቢወዱ ንጹሕ ውሃ በተሞላ የመዋኛ ገንዳ ይዋኙ። ውሃው ውስጥ የገባ ልጅ ቢኖር፥ ሳምንታት ካለፉ በኋላ እንኳ ቢሆን ወደ ሐኪም ተወስዶ ይመርመር፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ያድነዋልና።

ሐይቁም ራሱ ታሟል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታወቀው እምቦጭ የሚሉት አረም በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ውሃውን እየሸፈነ፥ ታንኳውን ያግዳል፥ ዓሣ አጥማጁንም ያስርባል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ልጆች ያምራል ብለው ወደ ቤት እንዳይወስዱት ይከልከሉ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ የሚሄድ ሰው፥ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን ድልድይ ወደ ማታ በእግሩ ይሻገር። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ጢስ ዓባይ ጕዞውን ሲጀምር ከዚያ ላይ ይታያል። ጉማሬም አልፎ አልፎ ራሱን ብቅ ያደርጋል።